ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ

ለመንግሥት ያገለገለ ሰው ከዚህ ዓለም በተለየ ጊዜ ሹመቱ ለሌላ ይተላለፋል፤ ገንዘቡም ወራሽ ያገኛል። ለሌላ የማይተላለፍ ሥራው ብቻ ነው። ስለዚህ የሹማምንትን ታሪክ የሚመረምር ሰው መልካሙንም ጕድለቱንም አስተካክሎ መመዘን ይገባዋል።

በፈረስ ስማቸው አባ መላ የተባሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት በጨቦ ምድር ነው። ገና ልጅ ሳሉ የምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ተማርከው በቤተ መንግሥት አደጉ። ምርኮኛ ልጅ ደጋፊ ዘመድ የለውምና፥ ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ከፍ ያሉት በትጋታቸውና በአስተዋይነታቸው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ከወደቁ በኋላ ስፍራቸውን የያዙ እርሳቸው ናቸው። ከዚያም ጦር እየመሩ ወደ ቦረና ዘመቱ። በልጅነታቸው ጦር የማረካቸው ሰው ኋላ ራሳቸው በሌላው አገር ላይ ጦር መምራታቸውን የታሪክ አንባቢ ሳያስተውል ሊያልፈው አይገባም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የፊደል ትምህርት እንዳልነበራቸው ይነገራል፤ ሆኖም በፍርድ ዐዋቂነታቸውና በምክራቸው እጅግ የተመሰገኑ ነበሩ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከመኳንንቱ ጋራ ተባበሩ፤ ጥቅምት 17 ቀንም ንጉሥ ሚካኤል ድል በሆኑበት በሰገሌ ጦርነት ዋናው የጦር መሪ ነበሩ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ሲሻሩ እርሳቸው በስፍራቸው ጸኑ። ከዚህ በኋላ ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋራ ሦስተኛው የመንግሥት ምሰሶ ሆነው ኖሩ። ነገር ግን የጥንቱን ሥርዓት አጥብቀው ይወዱ ስለ ነበረ፥ አዲስ ሥርዓት ፈጥኖ እንዳይገባ ከሚከላከሉት ወገን ነበሩ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ብዙው ሠራዊታቸው ወዲያው በአልጋ ወራሹ እጅ ገባ፤ የዕድሜ ልክ ኀይልም በጥቂት ቀን ውስጥ ባለቤቱን ለወጠ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ ድልድይ አለ። ስሙን እየጠራ የሚሻገር ብዙ ነው፤ ታሪካቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በችሎት ያሳዩት ጥበብ በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ለዛሬው ዳኛ ትምህርት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው በሰሙት ሰዎች ልብ ቀርቶ ከእነርሱ ጋራ ዐልፏል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ሹም የፈጸመውን በመዝገብ ያኑር፤ ካህንም በደብሩ ከሽማግሎች የሰማውን ይጻፍ። ይህ ሲሆን የሚመጣው ትውልድ ከመልካሙ ይማራል፤ ከጕድለቱም ይጠነቀቃል።