ፔኒሲሊንን ያገኙት የገበሬ ልጅ

ፔኒሲሊን የሚለው ስም ለደሴም ለኮምቦልቻም ነዋሪ እንግዳ አይደለም። መድኃኒቱን ያገኙት ሰው የገበሬ ልጅ እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1881 በስኮትላንድ ገጠር ተወለዱ። አባታቸውን በሰባት ዓመታቸው አጡ። በ13 ዓመታቸው ለንደን ገብተው ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላ በአንድ የመርከብ ድርጅት በጸሐፊነት ሠሩ፤ ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብም ሕክምና ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምተው፣ ከጥይት የተረፈው ወታደር በቁስል ማመርቀዝ ሲሞት ተመለከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ከእረፍት ሲመለሱ ጀርም ካሳደጉባቸው ሳህኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ሻገተ እንጀራ አንስቶ በጣለው ነበር። እርሳቸው ግን በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ጀርሞች መሟሟታቸውን አስተዋሉ። ንጥረ ነገሩን አጣርቶ መድኃኒት የማድረጉ ሥራ ከአሥር ዓመታት በላይ ጠብቆ በኦክስፎርዶቹ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼይን ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ1941 መድኃኒቱ የተሰጠው አንድ ፖሊስ ማገገም ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ ሲያልቅ ከሽንቱ እየተጣራ መልሶ እስከመሰጠት ቢደረስም አልበቃም፤ ሕመሙ አገርሽቶበት ሞተ።

ብዙዎች የሚያስታውሱት ሻጋታውን ነው። የሕይወታቸው ትልቁ ቁም ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ሦስቱ የኖቤል ሽልማትን ሲጋሩ ያደረጉት ንግግር ሳይሆን አይቀርም። ፔኒሲሊን ማንም ከመደብር የሚገዛው ዕቃ የሚሆንበት ቀን እንደሚመጣ ተናገሩ፤ አንድ ባልም በምናባቸው ሣሉ። ሰውየው ጉሮሮውን ሲያመው ያለ ልክ ጥቂት መድኃኒት ይወስዳል። ጀርሙ አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይላመዳል እንጂ። የተላመደው ጀርም ወደ ሚስቱ ተላልፎ የሳንባ ምች ያስይዛታል፤ ፔኒሲሊን ቢሰጣትም አያድናትም። ለሞቷ ተጠያቂ ያደረጉት ባልየውን ነበር።

ሥጋታቸው እውነት ሲሆን በሕይወት እያሉ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከታማሚዎች ከተገኙት የስታፊሎኮከስ ጀርሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፔኒሲሊንን የተላመዱ ነበሩ። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1955 በልብ ሕመም አርፈው በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበሩ።

ያ በምናብ የተሣለ ባል ዛሬ ወሎም ውስጥ አይጠፋም። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ሻል ሲል ማቋረጥና የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተለመዱት መድኃኒቶች የማያድኑትን፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዛቸውን ሕሙማን ያክማል። ጉዳዩ የጋጣም ነው፤ ለከብት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሰው መድኃኒት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህም የሀገሪቱ የመከላከያ ስልት የጤናውን ብቻ ሳይሆን የእንስሳቱንም ዘርፍ ያካትታል። ይህ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ለገበያ አይቀርብም፤ ለልጆችም አይሰጥም።