ሮበርት ሞዝስ፦ የተሠራው መንገድና ያልተሠራው ድልድይ

አንድ አውራ ጎዳና በመሬት ላይ ከመዘርጋቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በካርታ ላይ የተሰመረው መስመር የብዙ ሰዎችን ቤትና እርሻ ዕጣ ይወስናል። ይህን መስመር ማን ያሰምረዋል፣ ለማንስ ሲባል ይጎብጣል፣ በማንስ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል የሚለው ጥያቄ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አዲስ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት ለዚህ ጥያቄ በበጎም ሆነ በክፉ ሰፊ መልስ በተግባር ከሰጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ሞዝስ ነው። ሞዝስ መሐንዲስ አልነበረም፤ መኪና መንዳትም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልተማረም። ይሁን እንጂ ከ1924 እስከ 1968 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማና በሎንግ አይላንድ ደሴት የባሕር ዳር መንደሮች መካከል ከተዘረጉት ታላላቅ መንገዶችና ድልድዮች አብዛኞቹ የእርሱ ፈቃድና እጅ ያለባቸው ናቸው።

ሞዝስ በዲሴምበር 18 ቀን 1888 በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ፣ ከጀርመን አገር ከመጡ አይሁድ ወገን ከሆነ ባለሀብት ቤተሰብ ተወለደ። በ1909 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ እንግሊዝ አገር በመሻገር በኦክስፎርድ ካጠና በኋላ፣ በ1914 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። በወጣትነቱ የለውጥ አራማጅ ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ ሠራተኞች በትውውቅና በፓርቲ ወገንተኝነት መቀጠራቸው ቀርቶ በችሎታቸው እንዲመዘኑ የሚያደርግ ሰፊ ደንብ ቢያዘጋጅም፣ ከአሮጌው አሠራር የሚጠቀሙት ፖለቲከኞች አንድ ሆነው ስለተነሡበት ጥናቱ ከወረቀት ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ በኋላ የግዛቱ አገረ ገዥ የአል ስሚዝ የቅርብ አማካሪ የነበረችው ቤል ሞስኮዊትዝ አስጠግታ ሥራ ሰጠችው። ሞዝስ በእርሷ ዘንድ የተማረው ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ያላገኘው ነበር፤ ይኸውም መልካም አሳብ ሥልጣን ካልተጨመረበት ከንቱ ሆኖ እንደሚቀር፣ ሥልጣንም በሕግ ቃላት ውስጥ ተሰውሮ ሊኖር እንደሚችል ነው።

በ1924 የሎንግ አይላንድ የፓርኮች ኮሚሽን ሲቋቋም ሞዝስ ፕሬዚዳንት ሆነ። የኮሚሽኑን ማቋቋሚያ ሕግ ያረቀቀው ራሱ ነበር። በረቂቁም ውስጥ ብዙዎቹ የምክር ቤት አባላት ሳያስተውሉት ያለፉትን አንድ አሮጌ የሕግ ቃል አስገብቶ ነበር፤ በዚህ ቃል መሠረት ኮሚሽኑ ለፓርክና ለመንገድ የሚፈልገውን መሬት በቅድሚያ ይዞ ካሣውን በኋላ ለመክፈል ይችል ነበር። ባለመሬቱ ፍርድ ቤት ደርሶ እስኪከራከር ድረስ ቀያሾች ችካላቸውን ተክለው፣ ሠራተኞችም ቁፋሮ ጀምረው ይጠብቁታል። ሞዝስ ደጋግሞ የተጠቀመበት ስልት ይህ ነው፤ ሥራው አንድ ጊዜ ከተጀመረ ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም አፍርሱት ለማለት እንደሚቸገር ያውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ደሴቱ ከከተማይቱ ሙቀትና ጭንቅንቅ ለመሸሽ ለሚሻው ሕዝብ የተዘጋ በር ያህል ነበር። በሰሜን በኩል የታላላቅ ባለጸጎች ርስት፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የትንንሽ መንደሮች የግል የባሕር ዳርቻ ስለነበረ፣ ተራው ሰው የሚዋኝበት ስፍራ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሞዝስ ዓይኑን የጣለው ከናሶ አውራጃ ጠረፍ ወዲያ ማዶ ጆንስ ቢች በሚባለው የአሸዋ ደሴት ላይ ነበር። ደሴቱ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 2 ጫማ ያህል ብቻ ስለሆነ ማዕበል ይሸፍነው ነበር። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው ወለል አሸዋ የሚመጡ መርከቦች ቀንና ሌሊት እየሠሩ ከፍታውን ወደ 12 ጫማ አደረሱት። ደቃቁ አሸዋ በነፋስ እየተነሣ ሲያስቸግር፣ ሥሩን ወደ ጎን የሚሰድና አሸዋን የሚይዝ የባሕር ዳር ሣር ተገኘ፤ ሣሩም በእጅ ካልተተከለ የማይጸድቅ በመሆኑ በ1928 በጋ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰማርተው ተከሉት። ከዋንታ መንደር ተነሥቶ ረግረጉንና ውኃውን በድልድልና በድልድዮች እያቋረጠ ወደ ደሴቱ የሚያደርሰው መንገድም አብሮ ተሠራ። ፓርኩና መንገዱ በኦገስት 4 ቀን 1929 ለሕዝብ ተከፈቱ። በንድፉ ውበት፣ በንጽሕናውና በአሠራሩ ጥራት ጆንስ ቢች በዓለም ዙሪያ የተመሰገነ ሥራ ነው።

ሆኖም ወደዚህ ፓርክ የሚወስዱት መንገዶች መስመር ሁሉንም በእኩል ዓይን አላየም። የሰሜኑ መንገድ በመጀመሪያው ንድፍ በዊትሊ ሂልስ ኮረብታዎች ላይ በባለጸጎቹ ርስት መካከል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ባለርስቶቹ ግን የታወቁ ጠበቆችና በግዛቱ መንግሥት ዘንድ ተሰሚነት ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ ከረዥም ትግል በኋላ መስመሩ ወደ ደቡብ ታጥፎ ርስታቸውን እንዲዞር ስምምነት ተደረገ። ሮበርት ካሮ በ1974 ያሳተመው ሰፊ የሕይወት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የባንክ ባለቤት የነበረው ኦቶ ካን ለቅየሳ ሥራ 10,000 ዶላር ከሰጠ በኋላ መንገዱ የግል ጎልፍ ሜዳውን ሳይነካ አልፏል። በአንጻሩ እርሻው ለሁለት የተከፈለበት አንድ ገበሬ መስመሩ ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ፈቀቅ እንዲልለት ቢለምን፣ የምሕንድስናው ጠባይ አይፈቅድም የሚል መልስ ተሰጠው። ከታሪኩ ሁሉ ለሙያው ሰው ይበልጥ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም የምሕንድስና ስም ምሕንድስና ላልወሰነው ነገር መሸፈኛ ሆኖ መዋሉን ያሳያል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የተሠሩት ተሻጋሪ ድልድዮች ዝቅተኛ መሆናቸውም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ካሮ ድሆችና ጥቁሮች በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳርቻው እንዳይመጡ ታስቦ የተደረገ ነው ሲል ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን አውቶቡስና የጭነት መኪና በዚያ ዓይነት መንገድ ላይ እንዳይሄዱ ቀድሞውኑ በደንብ የተከለከለ መሆኑን በማስታወስ፣ የድልድዮቹ ቁመት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ይከራከራሉ። የሰሪው አሳብ ምንም ይሁን ምን፣ መኪና የሌለው ሰው ወደ ባሕሩ የሚደርስበት መንገድ የጠበበ መሆኑ አልቀረም።

ሞዝስ በ1934 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ በሰፊ የድምፅ ልዩነት ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በምርጫ የሚገኝ ሥልጣን አልፈለገም፤ አያስፈልገውምም ነበር። በዚያው ዓመት የከተማይቱ የፓርኮች ኮሚሽነርና የትራይቦሮ ድልድይ ባለሥልጣን አባል ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የባለሥልጣኑ ሊቀ መንበር ሆኖ ሥራውን በእጁ አደረገ። ድልድዩ በጁላይ 11 ቀን 1936 ተከፍቶ ከእያንዳንዱ መኪና 25 ሳንቲም በኬላ መቀበል ጀመረ። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ባለሥልጣኑ ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ መፍረስና ድልድዩን ለመንግሥት ማስረከብ ነበረበት። ሞዝስ ግን ሕጉ እንዲሻሻል አደረገ፤ አሮጌው ዕዳ ሳያልቅ አዲስ የቦንድ ሰነድ እየሸጠ አዲስ ሥራ እንዲጀምር፣ የባለሥልጣኑም መብት በቦንዱ ውል ውስጥ እንዲጻፍ ተደረገ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች የውል ግዴታን እንዳያፈርሱ ስለሚከለክል፣ በውሉ የተጻፈውን ከንቲባም ሆነ ምክር ቤት በቀላሉ ሊነካው አልቻለም። የኬላው ሳንቲም ለአንድ ሰው የራሱ ግምጃ ቤት ያለው መንግሥት አቆመለት።

በዚህ ገንዘብ የተሠሩት ሥራዎች የሚደነቁ ናቸው። ከስዊስ አገር የመጣው ታላቅ መሐንዲስ ኦትማር አማን የነደፈው የብሮንክስ ዋይትስቶን ተንጠልጣይ ድልድይ በ1939 ተከፈተ፤ በሁለቱ ማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2,300 ጫማ ነው። በ1940 በዋሺንግተን ግዛት የታኮማ ድልድይ በነፋስ ተወዛውዞ ከወደቀ በኋላ፣ ይህም ድልድይ የወለሉ አካል ቀጭንና ተለማጭ መሆኑ ስላሠጋ በ1946 የማጠንከሪያ ብረት ተጨመረለት። በኖቬምበር 1964 የተከፈተው የቬራዛኖ ድልድይ ደግሞ በ4,260 ጫማ ርዝመቱ እስከ 1981 ድረስ ከዓለም ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ ረዥሙ ነበር። ነገር ግን ለቬራዛኖ መዳረሻ መንገድ ሲባል በብሩክሊን ባሕር ዳር በቤይ ሪጅ ሰፈር 7,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። በብሮንክስም በአንድ ሰፈር ብቻ 1,530 ቤተሰቦች ቦታ እንዲለቁ ተደርገዋል፤ በአቅራቢያው ብዙ ቤት የማያፈርስ ሌላ መስመር መኖሩን ነዋሪዎቹ በካርታ ቢያሳዩም ሰሚ አላገኙም።

መንገዶቹ የታሰበላቸውን ዓላማ ራሳቸው ለወጡት። ለእሑድ ሽርሽር የተነደፉት መስመሮች በየመንደሩ አዲስ ቤት የሠራው ሕዝብ በየዕለቱ ወደ ሥራ የሚመላለስባቸው ሆኑ። በ1930 ወደ 303,000 የነበረው የናሶ አውራጃ ሕዝብ በ1960 ወደ 1,300,000 ደረሰ። አዲስ ድልድይ ሲከፈት የአሮጌው ጭንቅንቅ ይቃለላል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለቱም ይሞሉ ነበር። በ1950ዎቹ የሎንግ አይላንድ ፈጣን መንገድ ሲሠራ መካከሉ ለባቡር ሐዲድ እንዲጠበቅ አሳብ ቢቀርብም ሞዝስ አልተቀበለውም። መሬቱ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ሊያዝ ይችል የነበረው ስፍራ በዚህ ምክንያት አመለጠ።

በ1962 ታላቅ የባሕር ማዕበል የሎንግ አይላንድን ደቡባዊ ጠረፍ ከመታ በኋላ፣ ሞዝስ በፋየር አይላንድ የአሸዋ ደሴት ርዝመት ሁሉ መንገድ ካልተሠራ ደሴቱ በባሕር ይበላል ሲል ተከራከረ። የደሴቱ ነዋሪዎች ግን መንገዱ ሊያድነው የሚነሣውን ነገር ራሱ ያጠፋዋል አሉ። በሴፕቴምበር 1964 የፌዴራሉ መንግሥት ደሴቱን የተጠበቀ ብሔራዊ ጠረፍ ስላደረገው መንገዱ ሳይሠራ ቀረ።

ከዚህ ይበልጥ የታወቀው ሽንፈቱ የኦይስተር ቤይ ድልድይ ነው። በ1965 ሞዝስ ከናሶ አውራጃ ሰሜናዊ ጠረፍ ተነሥቶ የሎንግ አይላንድን ወሽመጥ በማቋረጥ በዌስትቼስተር አውራጃ ከራይ ከተማ ጋር የሚገናኝ፣ ከ6 ማይል በላይ ርዝመት ያለው ድልድይ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። በ1967 የግዛቱ ምክር ቤት ሥራውን ፈቀደ። ከደቡብ የሚመጣው የሲፎርድና የኦይስተር ቤይ ፈጣን መንገድም ወደዚያ እያመራ ነበር። የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች ግን ጸጥተኛው መንደራቸውና ባሕር ዳራቸው የከባድ መኪና መተላለፊያ እንዳይሆን ተነሡ። የኦይስተር ቤይ ወረዳም ሞዝስን ራሱን የሚያስቀና ዘዴ አገኘ፤ ድልድዩ የሚያርፍበትን ረግረግና የውኃ ወለል ለዱር አራዊት መጠበቂያ እንዲሆን ለፌዴራሉ መንግሥት በስጦታ አስተላለፈ። መጠበቂያው በ1968 ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲያ ግዛቱ መሬቱን በራሱ ሥልጣን ብቻ ሊወስደው አልቻለም። በ1970 የጸናው የአካባቢ ጥበቃ ሕግም የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ታላቅ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በጥናት እንዲመረመር አስገደደ። በጁን 1973 አገረ ገዥው ኔልሰን ሮክፌለር ድልድዩን መተዉን አስታወቀ።

በዚያን ጊዜ ሞዝስ ሥልጣን አልነበረውም። በማርች 1968 ባለሥልጣኑ በአዲሱ የግዛቱ የመጓጓዣ ድርጅት ውስጥ ተጠቃልሎ ነበር። አይደፈርም የተባለለትን የቦንድ ውል ያስከብር ዘንድ የተሾመው ባላደራ ቼዝ ማንሃታን ባንክ ሲሆን፣ የባንኩ መሪ የአገረ ገዥው ወንድም ዴቪድ ሮክፌለር ነበር፤ ክርክሩም በስምምነት አለቀ። ሞዝስ አማካሪ የሚል ስም ብቻ ቀርቶለት የመጨረሻ ዘመኑን ካሳለፈ በኋላ፣ በጁላይ 29 ቀን 1981 በ92 ዓመቱ በሎንግ አይላንድ በዌስት አይስሊፕ አረፈ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለመንገድ ሠሪዎች ሁለት ገጽ ያለው ነው። ጆንስ ቢችን የሚያህል ሥራ ያለ ጽኑ ፈቃድ፣ ያለ ፈጣን ውሳኔና ያለ በቂ ገንዘብ ሊሠራ ባልቻለም ነበር። ነገር ግን ለባለጸጋ የጎበጠው መስመር ለገበሬው ቀጥ ማለቱ፣ የነዋሪው ካርታ ሳይነበብ መመለሱ በሕዝቡ ዘንድ የተጠራቀመ ዕዳ ሆነ። ዕዳው በኦይስተር ቤይ ተጠየቀ፤ ምናልባት ጠቃሚ ሊሆን ይችል የነበረው ድልድይም በሚገባ ሳይመዘን ወደቀ፤ ጥናቱን ከሠሪው አፍ የሚያምን ሰው ጠፍቶ ነበርና። ከተሟጋቾቹም መካከል መሬት ለመስጠት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያላቸው የባሕር ዳር መንደሮች ሲያሸንፉ፣ ከእነርሱ በፊት የብሮንክስና የቤይ ሪጅ ተራ ነዋሪዎች ተሸንፈዋል። የሲፎርድና የኦይስተር ቤይ ፈጣን መንገድ ስሙ የኦይስተር ቤይን ባሕር ቢጠራም፣ ከባሕሩ ብዙ ማይል ርቆ በሳዮሴት መንደር ያበቃል።