ጆርጅ ላንስበሪ፤ ከወረዳ ምክር ቤት እስከ ፓርላማ

በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ያረፉትን የእንግሊዛዊቷን የወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስትን መቃብር ብዙዎቻችን አይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን በምሥራቅ ለንደን የእርሳቸው የትግል ጓደኛ ስለ ነበሩት፣ ኋላ ግን በእኛው አገር ጉዳይ መንገዳቸው ስለ ተለየው ስለ ጆርጅ ላንስበሪ ነው። ጽሑፉን ስናዘጋጅ፣ ከመካከላችን ይህ ሰው ለእኛ ምን ይሆነናል ያለም አልጠፋ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ታሪኩን ከነጉድለቱ ለማቅረብ ተስማማን። ዓመተ ምሕረቱን ካልጠቀስን በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ላንስበሪ በ1859 ሰፎክ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለ ነበሩ ቤተሰቡ ሥራ ወደ ተገኘበት ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ በምሥራቅ ለንደን ተቀመጠ። በ1880 ኤልሳቤጥ ብራይን የተባሉትን ወጣት አገቡ፤ አሥራ ሁለት ልጆችም ወለዱ። በ1884 በአውስትራልያ ሥራና እንጀራ ሞልቷል የሚለውን ወሬ አምነው ቤተሰባቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ። የጠበቃቸው ግን ችጋር ነበር። በዓመቱ ተመልሰው በአማታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ያዙና፣ ድሃውን በባዶ ተስፋ የሚያሰድደውን ስብከት በየስብሰባው ማጋለጥ ጀመሩ። ወደ ፖለቲካ የገቡት በዚህ በር ነው።

መጀመሪያ የተመረጡበት ሥልጣን ማንም የማይጎመጀው ነበር። በ1893 በፖፕላር ወረዳ የድሆችን መጠለያ የሚያስተዳድረው ቦርድ አባል ሆኑ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሠርቶ መብላት ያቃተው፣ ያረጀና የታመመ ሁሉ የሚገባበት መጠለያ፣ ሰው እንዳይለምደው ተብሎ ሆነ ብሎ እስር ቤት እንዲመስል የተሠራ ነበር። ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ ልብሱ የውርደት ምልክት ነው፤ ምግቡም ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። ላንስበሪ ምግቡን እንደ ሰው ምግብ፣ ልብሱንም እንደ ሰው ልብስ ለማድረግ ተነሡ። ሥራ አጦች የሚያርሱት እርሻ በኤሴክስ አውራጃ በ1904 ሲከፈት፣ መሬቱን የገዛው ጆሴፍ ፌልስ የሚባል አሜሪካዊ የሳሙና ነጋዴ ነበር። ባለጸጋን አግባብቶ ለድሃ ማስገዛትም አንድ ስጦታ ነው እንላለን።

በ1903 ለፖፕላር ወረዳ ምክር ቤት፣ በ1910 ደግሞ ቦው እና ብሮምሊ ከሚባለው የምርጫ ክልል ለፓርላማ ተመረጡ። በመካከሉ ለጥቂት ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ርቀው እንደ ነበር አንሸሽግም፤ ተመልሰው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ምእመን ሆነው ኖሩ።

ብዙ ሰው ፓርላማ ከገባ በኋላ ወንበሩን ይጠብቃል። ላንስበሪ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1912፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው ዘንድ ሲሉ ወንበራቸውን ለቀው በዚሁ ጥያቄ ብቻ እንደ ገና ተወዳደሩ። ወይዘሮ ሲልቪያ አብረዋቸው የቆሙት በዚህ ትግል ነው። በ751 ድምፅ ተሸነፉ። ወደ ፓርላማ ለመመለስ አሥር ዓመት ፈጀባቸው። በ1913 ስለዚሁ ጉዳይ ባደረጉት ንግግር ታስረው ምግብ አልበላም በማለታቸው ተፈቱ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሱት ግን በ1921 በፖፕላር በሆነው ነገር ነው። የለንደን ወረዳዎች እያንዳንዳቸው ድሆቻቸውን የሚረዱት ከየወረዳቸው ነዋሪ በሚሰበስቡት ግብር ነበር። ሀብታሙ ወረዳ ጥቂት ድሃና ብዙ ግብር አለው፤ ፖፕላር ግን ወደብ ላይ ያለ፣ ሥራ አጥ የሞላበት ወረዳ ነው፤ ድሃው ድሃውን ይርዳ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ለመላው ከተማ ፖሊስና ለሌሎች የጋራ ድርጅቶች መዋጮ ይጠየቃል። የፖፕላር ምክር ቤት ሸክሙ በሁሉም ላይ በእኩል ካልተደለደለ በቀር መዋጮውን አንከፍልም አለ። ፍርድ ቤት ሲጠሩ፣ የወረዳው ሕዝብ አጅቧቸው በሰልፍ ሄዱ። ሠላሳ የምክር ቤት አባላት ታሰሩ፤ ወንዶቹ በብሪክስተን፣ ሴቶቹ በሆሎዌይ ወህኒ ቤት። ከእነርሱም መካከል ላንስበሪ፣ ልጃቸው ኤድጋርና የኤድጋር ባለቤት ሚኒ ነበሩ። የሚገርመው፣ ስብሰባቸውን አላቋረጡም፤ ሴቶቹ ከሆሎዌይ በመኪና እየመጡ ምክር ቤቱ እዚያው ብሪክስተን ወህኒ ቤት ውስጥ ይሰበሰብ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈቱ፤ ሸክሙን የሚያካፍለውም ሕግ በዚያው ዓመት ወጣ። ነገር ግን ሚኒ ላንስበሪ ብዙ አልቆዩም፤ በአዲሱ ዓመት በ1922 የመጀመሪያ ቀን፣ በ32 ዓመታቸው አረፉ።

ላንስበሪ በ1922 ወደ ፓርላማ ተመለሱ። ከ1929 ጀምሮ የመንግሥት ሕንፃዎችና መናፈሻዎች ሹም ሆነው ሲሠሩ፣ በለንደን መካከል በሚገኘው ሃይድ ፓርክ ሕዝብ የሚዋኝበትን ስፍራ አስከፈቱ፤ እስከ ዛሬም ይዋኙበታል። በ1931 ምርጫ የሠራተኛው ፓርቲ ተደቁሶ የተረፈው ወደ ሃምሳ ወንበር ብቻ ነበር፤ ታላላቆቹ ሲወድቁ ሽማግሌው ላንስበሪ ቀሩና መሪ ሆኑ።

እንግዲህ ወደ አከራከረን ነገር ደረስን። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ይጣል የሚለው ጥያቄ ቀረበ። ላንስበሪ ክርስቲያን ሰይፍ አያነሣም ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ማዕቀቡም ወደ ጦርነት ያደርሳል ብለው ተቃወሙ። ፓርቲያቸው በብራይተን ከተማ ሲሰበሰብ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪ ኧርነስት ቤቪን በጉባኤው ፊት ክፉኛ ዘለፏቸው። ድምፅ ሲሰጥ ማዕቀቡን የደገፈው ከሁለት ሚሊዮን በላይ፣ የተቃወመው ወደ መቶ ሺህ ያህል ሆነ። በዚያው ሳምንት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ላንስበሪም ከመሪነት ወረዱ።

ከመካከላችን ግማሹ፣ በወህኒ ያልተለወጠ ሕሊና በሥልጣንም አልተለወጠም ይላል። ግማሹ ደግሞ፣ ለፖፕላር ድሃ ሕግ የጣሰ ሰው፣ የመርዝ ጋዝ ለወረደበት ገበሬ ማዕቀብ እንኳ መንፈጉ አይዋጥለትም። አያቶቻችን ማይጨው ላይ የሆነውን ሲናገሩ የሰማን እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። በ1937 ሙሶሊኒን ስለ ሰላም ሊያነጋግሩ ሮም ድረስ መሄዳቸውንም ስናነብ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ካለቀ ገና ጥቂት ወራት ብቻ መሆኑ ትዝ አለን። ወይዘሮ ሲልቪያ በዚያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚያሳትሙትን ጋዜጣ በየሳምንቱ ያወጡ ነበር።

ላንስበሪ የፈሩት ታላቅ ጦርነት በተጀመረ በስምንተኛው ወር፣ ግንቦት 7 ቀን 1940፣ ለንደን ውስጥ አረፉ። ዐመዳቸውም እንደ ኑዛዜያቸው ባሕር ላይ ተበተነ። አንድ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።