እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ የአስታማሚዋ እርጅና

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በታሪካችን የሚታወሱት በአድዋ ዘመቻና በአዲስ አበባ ምሥረታ ነው። ለጤና ባለሙያ ግን የሕይወታቸው የመጨረሻ 10 ዓመታት ከዚህ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣሉ። እቴጌይቱ በእነዚህ ዓመታት በመጀመሪያ የአንድ ታላቅ ሕመምተኛ አስታማሚ፣ በኋላም አስታዋሽ ያነሳቸው አረጋዊት ሆነዋልና።

ጣይቱ ከየጁና ከስሜን መሳፍንት የሚወለዱ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ወይዘሮ ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አስደረጉ፤ ለሥፍራውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ከዳግማዊ ምኒልክ ግን ልጅ አልወለዱም። በቤተ መንግሥት የነበራቸው መከታ ባላቸውና የሰሜን ዘመዶቻቸው ስለነበሩ፣ ብዙዎቹ የሸዋ መኳንንት በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቷቸው ነበር።

ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ምኒልክ በተደጋጋሚ በአንጎል የደም ሥር ሕመም ተጠቁ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከሁሉ የከፋ ሆኖ አካላቸውን ሽባ፣ አንደበታቸውንም ዝግ አደረገው። የውጭ አገር ሐኪሞች መድኃኒትና ጸበል ጎን ለጎን ተሞከሩ። እቴጌይቱ ከአልጋው አጠገብ ሆነው ሲያስታምሙ በመንግሥት ሥራም ማዘዛቸው አልቀረም። ወደ ሕመምተኛው የሚገባና የሚወጣው ሰው የሥልጣን ጉዳይ ስለሆነ፣ ማስታመሙ ራሱ የክርክር ምክንያት ሆነ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ርቀው በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ለዓመታት የደከሙት ባልቴት ከቤተ መንግሥት ወጥተው በብርዳማው እንጦጦ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። በ1909 ዓ.ም. የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ሲነግሡም የቀድሞ ሥፍራቸው አልተመለሰላቸውም። በ1910 ዓ.ም. የቀረ ዕድሜያቸውን በጎንደር ለመፈጸም ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ከጥቂት ወራት በኋላም በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው በኋላ በበአታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ አርፏል።

ምኒልክ የወደቁት በደም ሥር ሕመም ቢሆንም፣ ማን እንደሚቀርባቸውና ማን እንደሚወስንላቸው የለየው የቤተ ዘመዱና የመኳንንቱ አሰላለፍ ነበር። የጣይቱን የእርጅና መኖሪያ የወሰነውም ጤናቸው ሳይሆን ልጅ አለመውለዳቸውና ዘመዶቻቸው መራቃቸው ነው።

ይህ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚታይ አይደለም። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳጉሬና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋም፣ አንዲት አረጋዊት አሰላ ሆስፒታል መድረስ አለመድረሳቸውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄድ ልጅ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና በሌሉበት ከብቱን የሚጠብቅ ጎረቤት መኖሩ ነው። እድር ለቀብር ይደርሳል፤ ሕክምና ግን ከዚያ በፊት ደራሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ነርሷም ሆነ ሐኪሙ የደም ግፊት ከለኩ በኋላ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጥ፣ ቀጠሮውን ማን እንደሚያስታውስ፣ አስታማሚዋስ ስትደክም ማን እንደሚተካት ጠይቀው በካርዱ ላይ ሊመዘግቡት ይገባል።