ወለተ ጴጥሮስ እና ሰባቱ ማኅበሮቿ

ከማክሰኝት ብዙም በማይርቀው በደንቀዝ የነበረው የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት በታሪክ የሚነሣው በአብዛኛው ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ተያይዞ ነው። ያው ዘመን ግን በጣና ዙሪያ የአንዲት መነኩሲት ማኅበር የተመሠረተበትና የተስፋፋበትም ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ለንጉሡ አማካሪ ለመልክአ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ብትወልድም ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ወገን ነበር። ትዳሯን ትታ መነኮሰች፤ የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋን እኅተ ክርስቶስንም በምናኔዋ መጀመሪያ አገኘች።

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ በአደባባይ ተቃወመች። ተይዛ ለፍርድ ቀረበች፤ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያግባባት ሞክሮ አልሆነለትም። በመጨረሻ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው ዠበይ ወደተባለ ቆላ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ድምፅዋን ለማጥፋት የታሰበው ግዞት ተቃራኒውን አስከተለ፤ እምነታችንን አንለውጥም ያሉ ሰዎች እየተከተሏት ሄደው የመጀመሪያው ማኅበር እዚያው በበረሃ ተመሠረተ።

ከግዞት መልስ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌና ሌሎችም ተከተሉ፤ በጠቅላላው ሰባት ሆኑ። ዕድገቱ በዕቅድ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንዳንዴ የአሳዳጆች ፍርሃት፣ አንዳንዴ ወረርሽኝ ማኅበሩን ከስፍራው ያስነሣው ነበር፤ በየማረፊያው ግን ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ወይዛዝርትና ድኾች፣ ሴቶችና ወንዶች በአንድ የገዳም ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር። እርሷም የመሳፍንት ዘር ሆና እህል ትፈጭ፣ እንጨት ትሸከም ነበር። ሴት እንዴት ታስተምራለች፣ እንዴትስ ትመራለች ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት መኖራቸውን ገድሏ አልሸሸገም፤ ከተአምራቱ ይልቅ የማኅበሩን አኗኗር የሚገልጡት እንዲህ ያሉት ክፍሎች ናቸው።

ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ሲለቁ የስደቱ ምክንያት ተወገደ፤ ማኅበሩ ግን አልተበተነም። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 በ50 ዓመቷ ስታርፍ መሪነቱን እኅተ ክርስቶስ ተቀብላ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1649 ድረስ ያዘች። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግእዝ የጻፈው በ1672 ነው። ማኅበሩ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ ጸንቶ፣ ገዳሙ ከነገሥታት ቁጣ ለሸሹ ሰዎች መማጸኛ ሆኖ ኖረ።