ድንጋይና አፅም ያስመሰከሩት ዓሊም፡- ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ

በግብፅ ጊዛ ከሚገኙት ሦስት ታላላቅ ፒራሚዶች መካከል ትንሹን በሰሜን በኩል የተመለከተ ሰው፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሰፊ ስንጥቅ ያያል። ስንጥቁን ያደረሰው ዝናብ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ጥፋቱ ሲፈጸም ቦታው ላይ ተገኝተው ያዩትንም በጽሑፍ ያቆዩልን፣ በዘመኑ በካይሮ ያስተምሩ የነበሩት ሐኪምና ዓሊም ሙወፈቁዲን ዐብዱለጢፍ ኢብኑ ዩሱፍ አል-ባግዳዲ ናቸው።

ዐብዱለጢፍ በ557 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 1162) በባግዳድ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ፤ ሐዲስን፣ ፊቅህንና የዐረብኛ ሰዋስውን ተማሩ። ሕክምናንና ፍልስፍናን የጨመሩት በኋላ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ዒልም ፍለጋ ከባግዳድ ወጡ። ሞሱልን፣ ከዚያም ደማስቆን አዩ። ሱልጣን ሶላሁዲን አል-አዩቢ ከመስቀል ጦረኞች ጋር ወደሚዋጉበት የዐካ ግንባር ሄደው ከሱልጣኑ አማካሪ ከአል-ቃዲ አል-ፋዲል ጋር ተገናኙ፤ የእሳቸውን ደብዳቤ ይዘውም ካይሮ ገቡ። ቆየት ብሎ ሶላሁዲን ራሳቸው በቁድስ ተቀብለዋቸው በወር 30 ዲናር ቆረጡላቸው።

ሶላሁዲን እ.ኤ.አ በ1193 ካለፉ በኋላ ዐብዱለጢፍ ግብፅ ተቀመጡ። ጠዋት በአል-አዝሀር መስጂድ ያስተምራሉ፣ እኩለ ቀን ላይ የሕክምና ተማሪዎች ይመጡላቸዋል፣ ማታ ደግሞ ለራሳቸው ያነባሉ። ከዚህ በተረፈው ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ብዙ ዓሊሞች ያልሞከሩት ነበር። የጥንቶቹን ሕንፃዎች እየዞሩ ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ።

በ593 ዓመተ ሒጅራ የሶላሁዲን ልጅ አል-መሊክ አል-ዐዚዝ ዑስማን ፒራሚዶቹን እንዲያፈርስ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች አሳመኑት። በትንሹ ተጀመረ። ወታደርና ሠራተኛ ሰፈረበት፤ ስምንት ወር ሙሉ ፈረስና ሰው ደከመ። በገመድና በሽብልቅ ታግለው በቀን የሚያወርዱት አንድ ወይም ሁለት ድንጋይ ነበር። የወደቀውም ድንጋይ አሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ እሱን አውጥቶ መሰንጠቅ ሌላ ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ገንዘቡም ጉልበቱም አለቀና ትተው ሄዱ። ዐብዱለጢፍ የሠራተኞቹን አለቃ፣ አንድ ሺህ ዲናር ቢሰጠው አንዷን ድንጋይ ወደ ቦታዋ መመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየውም እጥፍ ድርቡ ቢሰጠውም እንደማይችል ምሎ ነገራቸው።

በጥንታዊቷ ከተማ መንፍም ያዩት ተመሳሳይ ነበር። የተቀበረ ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ቀዳዳ ባዩበት ሁሉ ከበስተኋላው ሀብት ያለ እየመሰላቸው ሐውልት ይሰብራሉ፣ ግድግዳ ይቦረቡራሉ። በእስክንድርያ ደግሞ ከ400 በላይ የጥንት አምዶች ተሰባብረው ባሕር ዳር ተጥለው አገኙ። ይህን ያደረገው የከተማዋ ገዥ ነበር፤ ምክንያቱም ማዕበልንና የጠላት መርከብን ለመከላከል የሚል ነው። ዐብዱለጢፍ ድርጊቱን የማያስተውል ሰው ሥራ ብለው ነቀፉት።

የተቃወሙበት ምክንያት ለዛሬውም አንባቢ ይጠቅማል። የቀደሙት ገዥዎች የጥንቱ ሕዝብ በእምነት ባይመስላቸውም ፍርስራሹን ይጠብቁ የነበረው በከንቱ አልነበረም ይላሉ። ፍርስራሹ ያለፈ ዘመን መዝገብ ነው። ቁርኣን ስለ ቀደምት ሕዝቦች ለነገረን ሁሉ ምስክር ነው፤ በጆሮ የተሰማው በዓይን ሲታይ ልብ ይረጋል። የነዚያ ሰዎች ዕውቀት የት ደርሶ እንደነበርም ያሳያል። በምድር ላይ ተጉዛችሁ የቀደሙትን ፍጻሜ ተመልከቱ የተባለ ሕዝብ፣ የሚመለከተውን ነገር ራሱ ካፈረሰው ምን ሊያይ ነው?

ተራው ሰው እነዚህን ሕንፃዎች ሲያይ የጥንት ሰዎች ግዙፎች ነበሩ ወይም በአስማት ይሠሩ ነበር ማለቱን ዐብዱለጢፍ አልተሳለቁበትም፤ ድንጋዩን ላየ ሰው እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም አሉ። እሳቸው ግን ሌላ መልስ ነበራቸው። ሥራው የሂሳብና የልኬት ዕውቀት፣ የጸና ሐሳብና የብዙ ዘመን ትዕግሥት ውጤት ነው።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። የዓባይ ሙላት የሚመጣው በኢትዮጵያ ደጋ ከሚዘንበው የክረምት ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ በ1200 ውኃው 16 ክንድ መድረስ ሲገባው 13 እንኳ ሳይሞላ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ረሃቡ ጸና፤ ሰው ሬሳ እስከ መብላት ደረሰ። ዐብዱለጢፍ አገር ጥለው አልሄዱም፤ የሚዘገንነውንም ሳይሸፋፍኑ መዘገቡ። በሃያ ሁለት ወራት በካይሮ መዝገብ የሰፈሩት ሟቾች ብቻ ወደ 111 ሺህ እንደሚጠጉ ጽፈዋል።

በዚያው መከራ አል-መቅስ በተባለ ቦታ የሰው አፅም እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር። ዐብዱለጢፍ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። የግሪኩ ሐኪም ጋሊኖስ የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ስለጻፈ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች እሱኑ ይደግሙ ነበር። እሳቸው ከ2,000 በላይ የራስ ቅሎችን መረመሩ፤ አንድም መጋጠሚያ አላገኙም። መንጋጋው አንድ አጥንት ነበር። ጋሊኖስን ሳያንቋሽሹ፣ ዓይን ያየው ከመጽሐፍ እንደሚቀድም ጻፉ።

ከግብፅ ወጥተው በቁድስ፣ በደማስቆ፣ በሐለብና በአናቶሊያ አስተማሩ፣ አከሙ። በ629 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 1231) ለሐጅ ከሐለብ ተነሥተው በባግዳድ በኩል ሲያልፉ ታመሙና በትውልድ ከተማቸው ሞቱ፤ በአባታቸው አጠገብም ተቀበሩ። ስለ ግብፅ የጻፉት መጽሐፍ በገዛ እጃቸው የተጻፈው ቅጂ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይገኛል።

የእሳቸው ትምህርት ለእኛም ቅርብ ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ የምትገኘው ሐርላ፣ ድንጋዮቿ ከመተለቃቸው የተነሣ የግዙፎች አገር ናት ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ የሆነው ቁፋሮ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የተመታ ሳንቲም አገኘ። በመቃብሩ ያረፉት ሰዎችም ቁመታቸው እንደማንኛውም ሰው ነበር። ያን ከተማ ያቆሙት የሚነግዱ፣ የሚሰግዱ፣ እንደ እኛው ያሉ ሰዎች ናቸው። ታሪካቸው የታወቀው መቃብራቸውና መስጂዳቸው ከነድንጋዩ በቦታው ስለቆየ ነው። በየአካባቢያችን ያለ የቆየ መስጂድ ፈርሶ በአዲስ ሲተካ፣ ጽሑፍ ያለበት የመቃብር ድንጋይ ለግንብ ሲውል፣ ወርቅ አለ ተብሎ ጥንታዊ ቦታ ሲቆፈር፣ የጊዛው አለቃ እንደማለው መልሶ የሚያቆመው የለም።

አላህ ለዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ ይዘንላቸው።