የዶክተር ጆርጅ ጋሉፕ አጭር የሕይወት ታሪክ

እኔ ፈተና በጣም እፈራለሁ። የእኔ ቢጤ ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ብዬ፣ ዘንድሮ እዚሁ አያት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘኋቸውን 60 ተማሪዎች ጠየቅሁ። አብዛኞቹ አንፈራም ስላሉኝ በራሴ አፈርሁ። መምህሬ ግን ቤተ መጻሕፍት የማይመጣውን ተማሪ ማን ጠየቀው ቢሉኝ መልስ አጣሁ። የዶክተር ጋሉፕን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሉፕ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ጄፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የተማሪዎቹን ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። በ1928 ሰዎች ከጋዜጣ የትኛውን ክፍል እንደሚያነቡ መርምረው የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1935 ደግሞ የሕዝብን አስተያየት የሚያጠና ድርጅት አቋቋሙ።

ስማቸውን ያስጠራው የ1936ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው ዝነኛ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተቀብሎ፣ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋሉ አለ። ነገር ግን ስሞቹን በብዛት ያወጣው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ፣ በዚያ የችግር ዘመን ድኻው ተረስቶ ቀረ። ጋሉፕ ግን እጅግ ያነሱ ሰዎችን ከሀብታሙም ከድኻውም፣ ከከተማውም ከገጠሩም በየድርሻው አስጠይቀው ሩዝቬልት ያሸንፋሉ አሉ፤ እንዳሉትም ሆነ።

በ1948 ግን እርሳቸውም ተሳሳቱ። ዲዊ ያሸንፋሉ ሲሉ ትሩማን አሸነፉ። ጠያቂዎቹ ድርሻቸው እስኪሞላ ድረስ ደስ ያላቸውን ሰው ይመርጡ ነበር፤ ጥያቄውም የምርጫው ቀን ሳይደርስ አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድርጅታቸው ተጠያቂዎችን በዕጣ ወደ መምረጥ ዞረ። ጋሉፕ በ1984 በስዊዘርላንድ ዐረፉ።

ጤፍ ገዢ ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ አይገዛም፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከታችኛውም ያያል። እኔም ከየክፍሉ የስም መዝገብ በዕጣ 60 ስም አውጥቼ፣ አንዱንም ሳላስቀር ፈልጌ እንደ ገና ጠየቅሁ። የሚፈሩት ከፊተኛው ይልቅ በዝተው ተገኙ። ፍርሃቴ ባይለቀኝም፣ ብቻዬን አለመሆኔን ዐወቅሁ።